የዘይነባ እናት በሕይወት አለች

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሐሰት ነው፣ ደብተሬ። ምስክርነቱን እንቢ ያልኩት የማሳደጊያዋን ልጅ ዘይነባን ለቤት ሥራ ልይዛት ፈልጌ አይደለም። ወሬው ከወፍጮ ቤት ተነስቶ ራጉኤል በር ደርሷል። የአራት ዓመት ልጅ ምን ትሠራልኛለች? ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ ለባሕር ማዶ አሳዳጊዎች እንድትሰጥ ፍ/ቤት ቀርቤ «እናቷ የት እንደደረሰች አይታወቅም» ብዬ አልምልም። እናቷን ሞሚናን በቀደም እንኳ በርበሬ ተራ አይቻታለሁ።

ዛሬም ሕፃናት ማሳደጊያው ሄጄ ፊደል አስቆጠርኩ። ልጆቹ ተለውጠዋል። ድሮ የሚመጡት ወላጆቻቸውን በሽታ የጨረሰባቸው ነበሩ። አሁን ብዙዎቹ እናት አላቸው፤ እዚሁ መርካቶ ተሸክማ፣ ለቅማ የምታድር እናት። ስማቸውን መጻፍ ሳይለምዱ ባሕር ማዶ ይሄዳሉ።

የማሳደጊያው ጸሐፊ በሩ ድረስ ሸኘኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ሌሎቹ ምስክሮች ተስማምተዋል፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ አለኝ። «እማማ፣ ለልጅቷ ብለን እኮ ነው!» መንገዴን ቀጠልኩ። ጉልበቴን ያመኛል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው። መስኮት ዘጋሁ፤ ዓይኔ ግን ያነባል።

ዘይነባ ማሳደጊያው ገብታ ወፍራለች። እከኳ ድኗል። ከዚያ አውጥቼ ወዴት ልወስዳት ነው? ሕጉ ግን ግልጽ ነው፤ እናት ካለች ዳኛ ፊት በገዛ አፏ ትጠየቃለች። ጸሐፊው ይህን አያጣውም። አሳዳጊዎቹ ቸኩለዋል፣ እሱም ቸኩሏል። የደከመ ሰው አቋራጭ ይወዳል። እኔም ደክሞኛል።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ሞሚናን ፍለጋ ወጣሁ። አንዋር መስጊድ ጁምዓ ነው፤ መንገዱ በሰጋጅ ሞልቷል። እስኪያበቃ ቆምኩ።

በርበሬ ቀንጣሾቹ መሀል ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ተቀምጣለች። እያስነጠስኩ ነገርኳት፦ ልጅሽ ባሕር ማዶ ልትሄድ ነው። ፊቷ በራ። ለአረፋ ትመጣለች አይደል? አለች። እነሱ አገር፣ ወሎ፣ ልጅ ለሚያሳድግ ይሰጣል፤ ለበዓል እናቱ ጋ ይመጣል፤ የሁለት ቤት ልጅ ይሆናል። ልጇን ለማሳደጊያው ዘበኛ እጅ በእጅ ሰጥታ የሄደችው ይህን አስባ ነው። ወረቀቱ እናትነትሽን ይቆርጣል ስላት እጇ ቆመ።

«እትዬ፣ ዝምድና በወረቀት ይቆረጣል እንዴ?»

አንዷ ቀንጣሽ ከኋላዋ፦ «የአዲስ አበባ ወረቀት ምን ያቅተዋል!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሞሚና በርበሬ በነካው እጇ ዓይኗን ጠረገች። ሞኝ። ውሃ ለምኜ አጠብኳት። ቀጠሮው ሰኞ ነው፤ ፍ/ቤት አብረን እንሄዳለን አልኳት። ላስብበት አለች።

ኅዳር 15፣ እሁድ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

መጣች። ልጇን ትወስዳታለች። የምታድረው ከሌሎች ሴቶች ጋር በተከራየችው መደብ ላይ ነው። ቀን ቀን እኔ ጋ ትዋል አልኩ። አፌ እሺ አላለኝም ነበር፤ እርጅና የልጅ ጩኸት አይችልም። ግን አልኩ።

ከዚያ ለነገ አለማመድኳት። ቀና በይ። አትንተባተቢ። ዳኛው እንዲህ ሲልሽ እንዲህ በይ። ደጋግሜ አረምኳት። በመጨረሻ ተቆጣች።

«እትዬ፣ ወላሂ፣ የወለድኳት እኔ ነኝ! እኔው ልናገር።»

ማረሙን ተውኩ። ልክ ናት።

ነገ ከሁሉ በፊት፦

ሞሚናን በርበሬ ተራ ሳትወርድ መያዝ።

ንጹሕ ሻሽ ማዋስ።

ጸሐፊውን ሰላም ማለት። ክፉ ሰው አይደለም።

ዳኛው ሲጠይቃት፣ ቃል ቢጠፋት እንኳ፣ አፌን መዝጋት።