አባቴ ክሱን የተወበት ቀን

ወረታ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

ከተዝካሩ ወዲህ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ ደኅና ነው? ሜዳው ውኃ ሳይተኛበት እርሻው ይደርስልዎ ይሆን? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናቴም ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ቁሐር ሚካኤልን ትስማለች፤ ደኅና ናት ግን አልልዎትም። ሰላምታውን እዚህ ላይ ልተወው፤ ከዚህ በላይ ባለዝበው የገዛ እጄ ይታዘበኛል።

በአባቴ ተዝካር የተናገሩትን ሰምቻለሁ። ጠላ ልቀዳ ከዳሱ በር ቆሜ ነበር። «ወንድሜ ያየህ የአገሩን ነገር ሁሉ ሲከራከር ኖሮ የራሱን መሬት ዝም ብሎ አስረከበኝ፤ ምላሱን ለሚስቱ አስቀምጦት ነው መሰል» አሉ። ሰው ሳቀ። ቄሱም ሳቁ። እኔ የያዝኩትን ጠላ መሬት ላይ አፈሰስኩት።

ዝም አለ የሚሉት ሰው ማን እንደነበረ ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሆኖ ከርሞ፣ ድንበሩ ሁሉ ጠፍቶ ጎረቤት ከጎረቤት በዱላ ሲፈላለግ፣ ጫማውን ባንገቱ አንጠልጥሎ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እየገባ ድንበር የሚያይ እሱ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት አቤት ልትለው ስትመጣ «መጀመሪያ እህል ቅመሺ፣ ነገሩ አይሮጥም» ይላት ነበር። ለሰው ጠበቃ ሆኖ ችሎት ሲቆም ጥቁር ካፖርቱን በዚያ ሙቀት አያወልቅም፤ ከሥር ያለው ሸሚዝ የተጣፈ ነበራ! የተጣፈውም እኔን ጎንደር ስላስተማረ ነው።

ቤት ሲገባ ደግሞ ችሎቱ ይቀጥላል። እኔን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ዳኛ ያደርገኛል፤ ተከሳሿ እናቴ ናት፤ ክሱም ወጥ ማቅጠን ነው። እጅ ነሥቶ «ጌታዬ ዳኛ!» ብሎ ሲጀምር፣ እናቴ ከጓዳ «ጌታዬ ዳኛ፣ ሥጋውን ማን ገዛና!» ትለዋለች። ሁልጊዜ ለእሷ እፈርዳለሁ። እሱም «ይግባኝ! ይግባኝ!» እያለ ያንኑ ቀጭን ወጥ ጥርግ አድርጎ ይበላዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ለእርስዎ ለምን አፉን ዘጋ? ከአያቴ የደረሰውን አራት ጥማድ ከራስዎ መሬት ቀላቅለው ሲያርሱት ለምን ዝም አለ? ይኸን ስጠይቅ ከርሜ፣ ተዝካሩ ባለፈ በሳምንቱ አቶ ሳልህ ሱቅ ሄድኩ። ያውቋቸዋል፤ እዚህ ወረታ ጨርቅ የሚሸጡት የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ለካ አባቴ ከስሶዎት ኖሯል፤ ዋስ ሆነው አውራጃ ፍርድ ቤት አብረውት የሄዱትም እሳቸው ነበሩ። መጀመሪያ «ተይው ልጄ፣ የሞተ ነገር ነው» አሉኝ። «የሞተው አባቴ ነው እንጂ ነገሩ አልሞተም» አልኳቸው። ያኔ ነገሩኝ።

ዳኛው ትውልድ ቁጠሩ አሉ። አባቴ ርስቱን ካቀናው ዋና አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ሳይደናቀፍ ቆጠረ። ከአንተስ ማን ተወለደ ሲሉት፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ አለ። ያኔ እርስዎ ተነሡ። «ጌታዬ ዳኛ፣ ልጅ የለውም፤ ርስቱ ለባዕድ ሊሆን ነው! ንዳድ ሰዉን በፈጀበት ዓመት ከርብ ማዶ ማን ምን ታቅፎ እንደመጣ የሚያውቅ ምስክር ይኸው ደጅ ቆሟል» ሲሉ፣ አባቴ አላስጨረስዎትም። «ክሴን ትቻለሁ» አለ። ዳኛው ተገርመው «አንተ ሰው፣ ነገሩ እኮ ወዳንተ እያዘነበለ ነው» አሉት። «ይጻፍልኝ፤ ትቻለሁ» አለ።

በመንገድ ላይ አቶ ሳልህ «አብደሃል ወይ? ያን የመሰለ ጥቁር አፈር!» እያሉ ጮኹበት። አባቴ ብዙ ከሄደ በኋላ «እሷ እኮ ገና ስሟን መጻፍ እየተማረች ነው» አላቸው።

ምስክሩ ምን ሊል ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። አቶ ሳልህ ማንም ያላዘዘውን አቡጀዲ ዘርግተው በክንድ ይለኩ ጀመር። እናቴን አልጠየቅኋትም። አልጠይቃትምም።

መሬቱን ወስደው አርፈው ቢቀመጡ ኖሮ፣ አባቴን አክብሬ እኔም ዝም እል ይሆናል። እርስዎ ግን ልጅዎን አያልነህን ላኩብን። «ሰኔ ሳይጋመስ ሚስቱ ቤቱን ትልቀቅ፤ እምቢ ካለች የማወጣው ነገር አለኝ» አሰኙ። አባቴን በክርክር ትረታ የነበረች ሴት ይኸን ስትሰማ አንድ ቃል ሳትመልስ ዕቃዋን ማሰር ጀመረች! ይኸን ሁሉ ዓመት ሁለቱን በዚህ ነው ሲያስፈራሯቸው የኖሩት? አያፍሩም? በአባቴም ተናድጃለሁ፤ አልደብቅዎትም። ካደግሁ በኋላ እንኳ አንድ ጥያቄ የሚሰብረኝ መስሎት፣ እርስዎ ሲስቁበት አንገቱን ደፍቶ ሞተ።

የታሰረውን ዕቃ ፈትቼዋለሁ። ትናንት በእናቴና በራሴ ስም ክስ አስገብቻለሁ፤ ቀጠሮው ሰኔ ስምንት ነው። ነርስ ሆኜ የመጣሁት ይኸን ሜዳ ከንዳድ ላድን እንጂ ፍርድ ቤት ልመላለስ አልነበረም፤ ግድ ሲሆንብኝ ግን አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዝቼ አንብቤዋለሁ። ልጅ ማን እንደሚባል ተጽፎበታል፤ እርስዎም ያስነብቡት። ምስክርዎን ይዘው ይምጡ። እርጅና ከከለከለው በቅሎ እልክለታለሁ። ዳኛው የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ ግን ማንም ቀድሞኝ እንዳይነሣ፤ መልሱን የማውቀው እኔ ነኝ።

እስከ ቀጠሮው ቀን እግዚአብሔር በጤና ያቆይዎ፤ ድምፅዎንም አያሳጣዎ፤ የሚሉትን ሁሉ ችሎቱ አጥርቶ እንዲሰማ እሻለሁ። ለአያልነህና ለቤተሰቡ በሙሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

የወንድምዎ ልጅ