ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር፦ የአባታችን የጋሽ ሽቦ የሕይወት ታሪክ

“ጋሽ ሽቦ ከጠረጴዛው ሥር ኮምፒውተር አለው።” ይህን ወሬ እዚህ የተሰበሰባችሁ ሁሉ ሰምታችኋል፤ ግማሾቻችሁም አውርታችሁታል። ትናንት ጠዋት እንኳ በራሳቸው ለቅሶ ቤት፣ ወርቅ ጉሮሮ የሚባለው ዘፋኝ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው በሹክሹክታ ሲደግመው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሹክሹክታው እንደ ዘፈኑ ነው፤ ሳይጠሩት ጓዳ ድረስ ይገባል። የሕይወት ታሪክ በልደት እንደሚጀመር አላጣሁትም። ግን ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ስለደረሰ የመጀመሪያውን መስመር ወስዷል። አሁን ጥጉን ይዞ ይቀመጥ፤ እንመለስበታለን።

አባታችን ከአናጢው አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በመስከረም ወር 1951 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ሙሉ ስማቸው በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ስለተጻፈ እዚህ አልደግመውም፤ በዚያ ስም የጠራቸው የቀበሌ ጸሐፊ ብቻ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር የመደርደሪያው ሳህኖች ይንቀጫቀጩ ነበር። አባታችን ትልቁን ከትንሹ፣ ሸክላውን ከቆርቆሮው እያቀያየሩ ደርድረው የሚቀጥለውን ባቡር ይጠብቁ እንደነበር አክስታችን ይናገራሉ። በዚህ ሥራቸው ሳህን ሰብረዋል፤ ተገርፈዋልም። ሲገረፉ ግን “ቅድም ከነበረው አይሻልም?” ብለው ይጠይቁ ነበር አሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። “ከክፍል አንደኛ ይወጡ ነበር ብለሽ ጻፊ” ብለው አክስቴ አዘውኛል። መካከለኛ ነበሩ። ከዚያም በሙያ ማሠልጠኛ በኤሌክትሪክ ትምህርት ተመርቀው በ1971 ዓ.ም. በአንድ ሬዲዮ ጥገና ቤት ተቀጠሩ። ከኪሳቸው ሁሉ ሽቦ ተንጠልጥሎ ስለሚታይ ደንበኞች “ሽቦ” አሏቸው፤ ፀጉራቸው ሲሸብት “ጋሽ” ተጨመረበት።

በ1975 ዓ.ም. የአንድ ሆቴል ባንድ ውሃ የገባበትን ሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ ሊጥል ሲል አባታችን “ለኔ ጣሉት” ብለው ተሸክመውት ሄዱ። ክረምቱን ሙሉ ፈትተው፣ አድርቀው፣ የተቃጠለውን ቀይረው አስጮሁት። መሣሪያው ምንም የሚያስታውሰው ነገር የለም። ድምፁ የሚገኘው ከፊቱ የተደረደሩትን ማዞሪያዎች አንድ በአንድ በእጅ በማዞር ነው፤ ለሌላ ድምፅ ካዞሯቸው የትናንቱ አብሮ ይሄዳል፤ ነገ እንደ አዲስ ይፈለጋል። አባታችን ይህንን ነገር ነበር የወደዱት። በኋላ የከበሮ ማሽን አከሉ፤ ከአሮጌ ካሴት ማጫወቻም ድምፅ የሚያስተጋባ ሣጥን በገዛ እጃቸው ሠሩ። ሦስቱን በገመድ አስተሳስረው እኩል እንዲራመዱ አደረጓቸው። ሲራመዱ ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ አንደኛው ያኮርፋል።

በ1979 ዓ.ም. ሬዲዮ ልታስጠግን ከመጣች ልብስ ሰፊ ጋር ትዳር መሠረቱ። ይህች ልብስ ሰፊ እናታችን ናቸው። ሬዲዮው በተደጋጋሚ እየተበላሸ ያመላለሳቸው አባታችን ሆነ ብለው አንድ ብሎን እያላሉ ስለሚመልሱት መሆኑን እናታችን እስከ ዛሬ ይምላሉ። አባታችን እስከ መጨረሻው አላመኑም። በትዳራቸው ታላቅ ወንድሜን፣ እህቴንና እኔን አፍርተዋል።

ሰው ሬዲዮ ማስጠገን ሲተው ጥገና ቤቱ ተዘጋ። በ1998 ዓ.ም. አባታችን መሣሪያቸውን በጋሪ ጭነው የሠርግ አዳራሾችን ደጅ መጥናት ጀመሩ። ዘመኑ የኮምፒውተር ነበር። አንድ ወጣት ቦርሳው ውስጥ ባንድ ሙሉ ይዞ ይመጣል፣ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፣ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። የአባታችንን ሦስት ሣጥን ያየ ሁሉ “ጋሼ፣ ኮምፒውተሩስ?” ይላቸው ነበር። እየሳቁ የሸኟቸው አሉ፤ ሳይስቁ የሸኟቸውም አሉ። በመጨረሻ ከአደባባዩ ማዶ ያለው አዳራሽ ባለቤት፣ ሁላችንም ባለ አዳራሹ የምንላቸው ሰው፣ ቀጠሯቸው። እናታችን ሽቦው ዓይን እንዳይወጋ፣ ልጆችም እንዳይጠለፉበት ብለው ጠረጴዛውን ከፊት እስከ ወለል የሚሸፍን ጥቁር ጨርቅ ሰፉ።

አባታችን እዚያ አዳራሽ ሕመም እስኪጥላቸው ድረስ ሠሩ። እንግዳ ከመግባቱ ብዙ ቀድመው ይደርሳሉ፤ መሣሪያው ሳይሞቅ ቃናው ስለማይረጋ። ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበትን የእግር መርገጫ በካልሲ ካልሆነ አይሰማኝም ይሉ ነበር። ከዚያ የዕለቱን ድምፅ ፍለጋ ይጀምራሉ። አንድ ቅዳሜ አዳራሹ ከሚገባው በላይ ሞልቶ፣ ሙቀቱ ሲንተሳይዘሩን ከቃናው ያወርደው ጀመር። ሙሽሮቹ መሀል ወለል ላይ ናቸው። አባታችን በቀኝ እጃቸው እየተጫወቱ በግራቸው ማዞሪያውን በፀጉር ውፍረት ልክ ወደ ላይ እየገፉ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አደረሱት። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ነበር። የሰማ የለም። ለነገሩ ሰው ከሰማው ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው።

ወሬው ግን ተሰማ። ዓመት ሳይሞላ፣ እዚያው አዳራሽ አብሯቸው የሚዘፍነው ወርቅ ጉሮሮ “አንድ ሰው በሁለት እጁ ይህን ሁሉ አያወጣም፤ ከጠረጴዛው ሥር ኮምፒውተር አለ” ማለት ጀመረ። እሱ ከምቱ ሲዘገይ፣ ማሽኑ ነው የፈጠነው ይላል። የሰፈር ጎረምሶች “ጋሽ ሽቦ፣ ባትሪ ሞላህ?” እያሉ ያልፋሉ። ታላቅ ወንድሜ በዚህ ተደባድቦ ጥርሱን አስነቅሏል። እናታችን “ጨርቁን የሰፋሁት እኔ፣ የማጥበው እኔ። ኮምፒውተር ቢኖር አብሬ አጥቤው ነበር” ብለው ይመልሱ ነበር። አባታችን ግን አንድ ቀን እንኳ “የለም” አላሉም። ቤት ውስጥ ስንጠይቃቸው ማዞሪያ ይጠርጋሉ።

በ2006 ዓ.ም. የአዳራሹ የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ተጋበዘ። አሳታሚው ሥራቸውን ሰምቶ ተደንቋል፤ “ያለ ኮምፒውተር፣ በሰው እጅ ብቻ” የሚል ርዕስ ያለው አልበም ሊያወጣላቸው ፈልጓል። አባታችን በሕይወታቸው የተመኙት ይህንን ብቻ ነበር፤ በጠፋ ቁጥር የሚሞተው ድምፅ አንዴ እንኳ እንዲቀመጥላቸው። አሳታሚው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ወሬውን ስለሰማ፣ ሰው ባለበት ጨርቁ ይገለጥ።

ወርቅ ጉሮሮ ማይክሮፎኑን ይዞ “እስቲ ጋሼ፣ ቀሚሱን ከፍ አድርጉትና እግሩን እንየው” አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ሁሉም ጨርቁን አየ። እናታችን የወንበሩን ጠርዝ ጨብጠዋል። ታላቅ ወንድሜ ሊነሳና ራሱ ሊገልጠው ጉልበቱን አዘጋጅቷል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ከኛ ወገን የጨርቁን ጫፍ ለመንካት የደፈረ አልነበረም። አባታችን እጃቸውን ወደ ጨርቁ ሰደዱ፤ ያዙትም። ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን ባለ አዳራሹን አዩ። ባለ አዳራሹ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ይመለከታሉ። አባታችን ጨርቁን ለቀቁት። አስተጋቢውን አጠፉ። ከበሮውን አጠፉ። ሲንተሳይዘሩን አጠፉ። “አልገልጥም” አሉ።

አሳታሚው ሰው ጨዋ ነበር። በማግሥቱ ቤታችን መጥቶ “ሰው በሌለበት ብቻዬን ልየው፣ ይበቃኛል” አለ። አባታችን “አልበሙ ላይ ‘ያለ ኮምፒውተር’ የሚለው ካልቀረ አይሆንም” አሉት። እሱ ደግሞ ከዚያ ሌላ የሚሸጠው ነገር አልነበረውም። አልበሙ በዚያው ቀረ። ታላቅ ወንድሜ ሁለት ዓመት ከሰላምታ በቀር ሌላ ቃል አልሰጣቸውም። እህቴ ኩራት ነው አለች። ወሬኛው “አላልኳችሁም?” አለ። አባታችን በሚቀጥለው ቅዳሜ ጫማቸውን አውልቀው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አደረባቸው። በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ እናታችንንና እኔን አስጠርተው የሚከተለውን ተናገሩ፤ በቀብራቸው ቀን እንዲነበብም አዘዙ።

“ባለ አዳራሹ ሲቀጥረኝ ‘ኮምፒውተር አለህ?’ አለኝ። ሌላው ሁሉ በዚህች ጥያቄ ነው ከበር የመለሰኝ። ‘አለኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር ነው’ አልኩት። ደስ ብሎት በር ላይ ‘ዘመናዊ ሙዚቃ’ ብሎ ሰሌዳ አጻፈ፤ ኮምፒውተር መኖሩን ለወርቅ ጉሮሮም ነገረው። ሌላ ጊዜ እነግረዋለሁ ስል፣ ልጄ ስትታመም መኪናውን ሰጠኝ፤ ቤታችን ሲያፈስ ሠራተኛ ላከልኝ። አምኖ ያበላኝን ሰው በሕዝብ ፊት ‘ዋሽቼህ ነበር’ ልበለው? ያን ቀን አንገቱን ሲደፋ የጠረጠረኝ መሰለኝ፤ ጨርቁን ብገልጠው ውሸቴን የሚያየው እሱ ነው። ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁልኝ።”

እናታችን “አንተ ሰውዬ፣ ስለዚህ ነው ልጄን ጥርስ ያሳጣኸው?” አሉ። ከዚያ “እጠይቅልሃለሁ፤ ብሎኑንስ?” ቢሏቸው፣ አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሳቁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው፤ አንዴ የወጣው ቃል አልበማቸውን ይዞ ሄደ። ወርቅ ጉሮሮም ይህን ይስማ፦ ያ ሁሉ ዓመት ያዜመው ወሬ እንኳ፣ እንደሌሎቹ ዜማዎቹ ሁሉ፣ የራሱ አልነበረም። የአባታችን ድርሰት ነው።

አባታችን የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ጠረጴዛው ከነመሣሪያው ቤታችን እንዳለ ነው። የመጨረሻውን ቅዳሜ ድምፅ ማዞሪያዎቹ ላይ እንደተዉት ነው፤ የልጅ ልጆች እጅ እንዳይደርስበት እናታችን ጥቁሩን ጨርቅ ከላይ አልብሰውታል። ለጠየቃችሁን፣ ላስታመማችሁልንና ለቀበራችሁልን ሁሉ እናመሰግናለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም “ግለጥ” በማይላቸው ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም ጽናቱን ያድልልን።

ማተሚያ ቤቱ “የመጨረሻው ገጽ ግማሹ ባዶ ስለሆነ ፎቶ ስጡን” ብሎን ነበር። በፎቶው ፋንታ ይህን ጨምሬያለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለ አዳራሹ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። እናታችን ጓዳ አስገብተው የአባታችንን ኑዛዜ ነገሯቸው፤ በሟች ስም ይቅርታ ጠየቋቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ቤት ግን ነግቶ የቆየ ነገር ነበር፤ መስኮቱን የከፈተ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ። ባለ አዳራሹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆይተው እንዲህ አሉ፦

“እህቴ፣ የመጀመሪያው ምሽት ላይ የበር ቁልፌ ከእጄ አምልጦ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ላነሳው ጎንበስ ብዬ ጨርቁን ገለጥኩ። ሽቦ፣ መርገጫውና የሱ እግር ብቻ ነበር፤ የቀኝ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ጨዋታው ስለጣመኝ መልሼ ሸፈንኩት። የበዓሉ ቀን አንገቴን የደፋሁት፣ እኔ እያየሁት ቢገልጠው ያፍራል ብዬ ነው እንጂ፣ እኔማ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ አውቃለሁ።”