ሐምራዊዋን ያቁሙ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ተሻለ፣

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ትንፋሽዎስ? ጉልበትዎ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያደርስዎታል? እኔ በሕይወት አለሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

ባለፈው እሑድ በስልክ ሐምራዊዋን ኢንሄለር፣ ያቺን በአፍ የምትሳበውን የደረት መድኃኒት፣ ያቁሙ ስልዎ፣ «ልከህ ደግሞ ትቀማኛለህ? ያስተማርኩህ ለዚህ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እህቴ ነጻነትም ከጎንዎ ስትስቅ ሰማኋት። አርባ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው በቃል የተነገረውን እንደማያምን አውቃለሁና፣ ይኸው በጽሑፍ።

ስህተቱ የእኔ ነው። እንደ እርስዎ እኔም ሐኪም ያዘዘልኝ ነጭ ኢንሄለር ነበረኝ። ሳሉ ሲብስብኝ ኦልድ ካምፓላ ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ሐምራዊዋን በራሴ ፈቃድ ገዛሁ። ደረቴን ስለከፈተችልኝ ለእርስዎም ወደ አገር ቤት በመጣው በሙሉዓለም ሻንጣ ላክሁ። በአንድ ነጥብ የተሳሳተ ተማሪ ስጥል የኖርኩ የኬሚስትሪ መምህር፣ ሁለቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን አድርጌ አላነበብኩም። ስማቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው ያለው አንድ ዓይነት ነው። እጥፍ ስወስድ ነበር። እርስዎም እንደዚያው።

ልቤ ሲዘል ሰነበተ። «ከመታፈን ይሻላል» እያልኩ ቻልኩት፤ እርስዎም እሑድ ያሉኝ ይህንኑ ነው። በጥቅምት መግቢያ ኪሰንዪ ሰፈር በይልቃል ምግብ ቤት ምሳ ስበላ የጠቀለልኩት እንጀራ ከእጄ ወደቀ። ይልቃል «ጋሼ፣ ወጤን እንዲህ ጠሉት?» ብሎ ቀለደ። ልመልስለት ስል አፌ ተጣመመ። ስትሮክ ነበር። አንደበቴ ቶሎ ስለተመለሰ፣ እንዳይደነግጡ ብዬ ደበቅሁዎት።

ሐኪሙ ድርቡ መድኃኒት ልቤን ሳያውክ አልቀረም፣ በእርግጠኝነት ግን አልናገርም አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ያናድደኛል። አንዷም ብቻዋን የታመመ ልብ ልትነካ ትችላለች፣ ያለ እሷ ደግሞ ትታፈናለህ ሲለኝ ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ። ለእኔ መውጫ የለውም።

እርስዎም የሚሰሙኝ አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ያስወጣችዎ ሐምራዊዋ ናትና። ቢሆንም ነጯን አያቋርጡ፤ ሐምራዊዋን ያስቀምጡና ነጻነት ሁለቱንም ካርቶን ይዛ ነገ ሐኪምዎ ዘንድ ትውሰድዎ። ልብዎንም ይዩልዎ።

ጽሕፈቱን አይተው «ይህ የልጄ እጅ አይደለም» ይሉ ይሆናል። አልተሳሳቱም። ቀኝ እጄ ብዕር አይይዝም። ይህችን ገጽ በግራዬ ስጽፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። ማስረጃ ከፈለጉ ፊደሎቹን ይመልከቱ።

እማማን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። የነጻነት ልጅ ቃለጽድቅ በትምህርቱ ይበርታ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ትህትና ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ነጻነትን፣ አንብባ ስትጨርስ አትሳቂ ይበሉልኝ።

ልጅዎ ኃይለመስቀል
ካምዎክያ፣ ካምፓላ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.