አጎቴ ወደ ሐይቁ ያፈሰሱት

ለውድ ወንድሜ ለኖፍሪዛል፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድም ጋሼ። እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ያ የጃካርታ ጭስ ያመጣብህ ሳል ተሻለህ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ ጀልባ ሞተር ያንኳኳሃል? ባለቤትህ ማርሊስስ? ራህሚ ጥርስ አወጣች? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬ ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ አላት እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው፤ በመስኮት ሆና ሰፈሩን ሁሉ ታዛለች።

«ዓሣው ተሸጠ ወይ? ፓዳንግ መቼ ትሄጃለሽ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አልተሸጠም፤ አልቋል። ቁጭ በልና ልንገርህ።

በእኛ ወግ እናንተ ወንዶቹ ጢም ስታበቅሉ አገር ጥላችሁ እንድትሠሩ ሻንጣ ይሰጣችኋል። ቤቱ የሴት ልጅ ነውና ለእኔ ቀረ፤ የእኔ ይባላል እንጂ እኔ ነኝ የቤቱ። ዘንድሮ ግን አጎታችን ሻፍሩዲን ቃል ገብተውልኝ ነበር። ሐይቁ ላይ በመረብ አጥረን የምናረባው ቆሮሶ ዓሣ ሲሸጥ ጣሪያው ይታደሳል፣ ለእማዬ አብራት የምታድር ሴት ትቀጠራለች፣ እኔም ፓዳንግ ዶክተር ኤርማ ቤተ ሙከራ ገብቼ እሠራለሁ።

ከዚያ ሐይቁ አረንጓዴ መልበስ ጀመረ። ኤርማ ውሃ ልትቀዳ መጥታ ሁለት ብርጭቆ አሳየችን። በአንዱ አልጌ የሚሉት አረንጓዴ ነገር ከነባክቴሪያዎቹ ነው፤ በሌላው እነሱን አንስታበት ብቻውን ነው። ብቻውን የቀረው ገርጥቶ ቀጭጯል። «በሚያዳልጥ ቆዳው ላይ ሰፍረው ስኳሩን ይበላሉ፣ እነሱም ቪታሚን ይሰጡታል። የሚገድሉትም አሉ። ማን ምን እንደሚሠራ ሳናውቅ ግን እባካችሁ ምንም አታፍስሱ» አለች።

አጎቴ ምን ሰሙ መሰለህ? «የሚገድሉትም አሉ» የምትለዋን ብቻ! ከገበያ የኩሬ ውሃ ማጥሪያ ተብሎ የሚሸጥ አንድ ጠርሙስ ባክቴሪያ ገዙ፤ የዘንባባ ስኳርና እማዬ ሩዝ የምታቦካበትን እርሾ ጨምረው በጄሪካን ጠነሰሱ። «ኧረ አጎቴ፣ ይቅርብዎት» ብላቸው «ዝም በይ! ገና ሳትሄጂ ዶክተር ሆንሽብኝ? እኔ እዚህ ውሃ ላይ ነው ያረጀሁት» ብለው አፈሰሱት።

አረንጓዴው እንደ ገንፎ ወፈረ፤ መቅዘፊያው አልገፋ አለ። አንድ ጠዋት ስንሄድ ዓሣው በሙሉ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፍፏል፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ኤርማ «ጥንስሱ ያመጣው ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም» አለች። ጣሪያው ሳይታደስ፣ ለእማዬም ሰው ሳይገኝ ቀረ፤ ኤርማም ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠችው። አልፈርድባትም፣ እስከ መቼ ትጠብቀኝ?

ወንድም ጋሼ፣ ተቃጥያለሁ። ግን እንደ ልቤ መቆጣት እንኳ አልቻልኩም። ዓሣውን ስንቀብር አጎቴ አካፋውን ተደግፈው «እንድትሄጂልኝ ብዬ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ። እንዲህ ያለኝን ሰው ምን ልበለው? ከዚያ ወዲህ ቀና ብለው ሰው አያዩም። ስትጽፍላቸው ስለ ዓሣው እንዳታነሳባቸው፣ አደራህን።

ትናንት ደግሞ አዲስ ጄሪካን ጠነሰሱ። «ይኼኛው አልጌውን አይምረውም» ይላሉ። መረባችን ባዶ ነው፣ ከእንግዲህ ምን ይሙትብን? ማማሰያውን ተቀበልኳቸውና አማሰልኩላቸው።

ማርሊስን ሰላም በልልኝ፤ ራህሚን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፤ ሹራብ ልበስ ትልሃለች። አጎቴም ሰላም ብለውሃል። «ዓሣው ደህና ነው፣ እኔም ፓዳንግ ልሄድ ነው በይው» ብለውኛል።

እህትህ ዩስኒዳር
ማኒንጃው፣ ከዒድ በኋላ በሁለተኛው ጁሙዓ