ቁልፊና ፉርቱ

ሰኞ፣ ነሐሴ 26። ከቀኑ 8 ሰዓት።
አንቺንም ማፈሬ፣ ማስታወሻዬ። ግን ልንገርሽ፤ ዛሬም ተቆልፎብኛል። አጎቴ ዕቃ ሊያወጡ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄደዋል። እንደ ልማዳቸው የሱቁን ፍርግርግ ከውጭ ቆልፈው። የጎረቤት ሱቅ ከተዘረፈ ወዲህ እንዲህ ነው። ለደህንነትሽ ነው ይላሉ። ክፋት የላቸውም። የጓሮ በር የለም። በትንሿ መስኮት እሸጣለሁ።

ጫልቱ ሳሙና ልትገዛ መጣች፤ ከማዶ ድንች የምትሸጠዋ። ጓጉንቸሩን በጣቷ አንኳኳችና ሳቀች። «ይቺን እኛ በኦሮምኛ ቁልፊ ነው የምንላት። መክፈቻዋ ፉርቱ። አንቺ እቴ፣ ቁልፊ አለሽ፣ ፉርቱ የለሽም!» አብሬያት ሳቅኩ። ስትሄድ ሳቄን ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27።
ዝናብ። ገዢ የለም። የጫልቱ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም። ቁርኣን ቤት ሳለሁ ቁፍል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በዐረብኛ የሚዘጋው ነው። የሚከፍተው ሚፍታሕ። ከዚያ ይሆን የመጣልን? ከ8ኛ ያቆመ ሰው ምን ያውቃል።

አንድ የሱማሌ ሹፌር ውሃ ሊገዛ ቆመ። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ ጠየቅኩት። በእነሱም ቁፉል መዝጊያው ነው፤ መክፈቻው ፉሬ። ምነው ጠየቅሽ አለኝ። ፊቴ ጋለ። ውሃውን ሰጥቼው ዘወር አልኩ።
እኛ ግን ለሚዘጋውም ለሚከፍተውም ቁልፍ እንላለን። የሸሚዙም ቁልፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28።
የማታ ት/ቤት ምዝገባ ዓርብ ያበቃል። 9ኛ ክፍል። ምሳ ላይ ለአጎቴ ልነግራቸው ቆረጥኩ።
«አጎቴ...»
«አቤት ልጄ?»
«...ስኳር አልቋል።»
አላለቀም። ሙሉ ኬሻ አለ። የኔ ነገር!

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29። ሊመሽ ሲል።
ሌላ ኬሻ ስኳር መጣ። እግሬን የምዘረጋበት ቦታ የለም። ጫልቱ በመስኮት አየችኝ፣ ምን ሆነሻል አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ትምህርቱን ከልክለውሽ ነው? አልከለከሉኝም። ጠይቀሻቸዋል? አልጠየቅኩም።
«እንዴ! ታዲያ ሰውዬው በምን ይወቁት?»
ድንቿን ጥላ ስለመጣች ሮጣ ተመለሰች።

ነገ ጁምዓ ነው። አጎቴ መስጊድ ሲሄዱ ይቆልፋሉ። ጓጉንቸሩን ሲያነሱ እጄን እዘረጋለሁ። ቁልፉን ይስጡኝ፣ የሚከፍተውን፤ ተመዝግቤ ልምጣ፣ ሱቁን ራሴ እቆልፋለሁ እላለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥም እላለሁ።
ስለ ስኳር ትንፍሽ አልልም።