ስሙን ዘግይተው ያወቁት ሕመም
የወ/ሮ ፋናዬ አለምሰገድ የሕይወት ጉዞ፣ ከ1956 እስከ 2017 ዓ.ም.

ወ/ሮ ፋናዬ ከአባታቸው ከአቶ አለምሰገድ ባንቲሁን እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እንቁ መጋቢት 3 ቀን 1956 ዓ.ም. በመቂ አቅራቢያ ተወለዱ። የመንደሩ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ፣ እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ ጥርሳቸው በልጅነታቸው ቡናማ ሆነ። ከተማሩበት ዘመን በቀረው ብቸኛ ፎቶግራፍ ላይ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይታያሉ። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል።

በ1977 ዓ.ም. የምድር ባቡር መካኒክ ከሆኑት ከአቶ ፀጋዬ ጋር ትዳር መሥርተው፣ በዓመቱ ጅቡቲ ከተማ ገብተው ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ኖሩ። አራት ጊዜ ፀነሱ፤ አራቱም ጊዜ ፅንሱ ሳይደርስ ወረደባቸው። የባለቤታቸው ዘመዶች “እርግማን ያለባት ናት” አሉ። አቶ ፀጋዬ በ1985 ዓ.ም. ጥለዋቸው ወደ ድሬዳዋ ሄዱ።

ወ/ሮ ፋናዬ ከዚያ ወዲህ በሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው እያደሩ ሠሩ። አንገታቸው ላይ የወጣውን እንቅርት በሻሽ ይሸፍኑ ነበር። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት በሐምሌ፣ ሌላው ሰው በላብ ሲጠመቅ፣ እርሳቸው ሹራብ ደርበው ይንቀጠቀጡ ነበር። “ሰነፍ ናት” እየተባሉ ከሦስት ቤት ተሰናበቱ።

በ2001 ዓ.ም. ካርቲየ 2 በወ/ሮ ሁዳ ቤት ሲሠሩ፣ የወ/ሮ ሁዳ እህት ነርስ ማይሙና አንገታቸውን አይታ እጃቸውን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ምርመራው የታይሮይድ ዕጢያቸው መዳከሙን አሳየ። ሐኪሙ ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት እንደሚመስላቸው፣ አዮዲን ባነሰበት ሰውነት ላይ የበዛ ፍሎራይድ ዕጢውን ይበልጥ ሊጎዳ እንደሚችል የሚናገሩ ጥናቶች እንዳሉ፣ ነገሩ ግን ገና እንዳልተቋጨ አስረዷቸው። ያልታከመ የታይሮይድ ድካም ፅንስን ሊያስወርድ እንደሚችልም ነገሯቸው።

“ታዲያ እርግማን አልነበረም?” ብለው ጠየቁ።

“አልነበረም፤ ሕመም ነው” አሏቸው ሐኪሙ።

ይህን ለአቶ ፀጋዬ ሊነግሩ ድሬዳዋ ድረስ ሄዱ። ከአዲሲቱ ባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር አገኟቸው፤ ሻይ ጠጥተው የመጡበትን ጉዳይ ሳያነሱ ተመለሱ። ኋላ ሲጠየቁ፣ “ልጆቹ ፊት ምን ብዬ ልጀምር?” አሉ።

ሐኪሙ ባዘዙላቸው ኪኒን ብርዱ ለቀቃቸው። ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ ቡላኦስ ገበያ እየወረዱ ከአገር ቤት አዲስ የመጡትን ሴቶች አዮዲን ያለበትን ጨው ለይተው እንዲገዙ ያሳዩ ነበር። ብዙዎቹ ሰምተው ያልፏቸው ነበር፤ ስማቸውን የጠየቋቸው ግን ጥቂቶች ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. የወንድማቸው ልጅ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ትርሲት ዘውዱ፣ ለሥራ ወደ ጅቡቲ መጣች። በ2010 ዓ.ም. ማርገዟን በነገረቻቸው ማግስት ለደም ምርመራ ወሰዷት። የእርሷም ዕጢ ደክሞ ተገኘና ሕክምናዋን በጊዜ ጀመረች። ልጇን ፅዮናዊትን በሰላም ስትገላገል ወ/ሮ ፋናዬ ሕፃኗን ተቀብለው እስኪነጋ ከእቅፋቸው አላወረዷትም።

ለዓመታት ሳይታከም የቆየው ሕመም ልባቸውን ጎድቶት ኖሮ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው አረፉ። ትርሲት ከሥራ አልደረሰችምና በዚያች ሰዓት አጠገባቸው ማንም አልነበረም።

ከሥጋ ዘመድ በዚህ ከተማ የቀረናቸው ትርሲትና ፅዮናዊት ብቻ ነን። በምድር ብቻቸውን የኖሩትን እናታችንን፣ አምላክ ሰው ከማይለይበት ከወዳጆቹ ማኅበር ይደምርልን። አሜን።