በቡሩልቻ ደጅ ስለቆመችው ነጭ መኪና

ለተከበሩ የወረዳችን ሆስፒታል ዳይሬክተር፣ ለዶክተር ኦስሞንኩል፤

እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? በጎቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ጎረቤቴ ቡሩልቻ ግን ሳሉ ተመልሶባታል፤ ቀሚሷም ሰፍቷታል። ለልጇ ለአይምዳይ የጆሮ ጌጥ አጥልቀው ሊያጯት ቀን የቆረጡት አማቾችም መንገዱ በረዶ ነው ብለው ቀርተዋል። እኛ ሣር እያጨድን ነው።

ይህን በጋዜጣ የምጽፍልዎ እሷን አስፈቅጄ ነው። ምስጢሩን እንደሆነ መኪናዎ ቀድማኛለች። ምስጋናዬም የሚከተለው ነው፦

፩. ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች ክኒን ሰጥቶ ከመሸኘት ኑሯቸውንም ሐሳባቸውንም እንጠይቅ፣ ሁለንተናቸውን እንንከባከብ ብላችሁ ቤት ለቤት መምጣታችሁ ትልቅ ነገር ነው። ይህንኑ፣ የበሽታውን ስም ሳይቀር፣ መነጽሯ የተሰበረባት አክስቴ እንኳ ከመስጊዱ በር ሆና እንድታነበው በመኪናዋ ጎን ላይ በትልልቁ ማጻፋችሁ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

፪. በመንደራችን የሐኪም መኪና ደጁ የቆመበትን ሰው ጎረቤት ዳቦ ይዞ ሳይጠይቅ እንደማያድር፣ እርስዎም እዚሁ ስላደጉ ያውቃሉ። መንደሩ በሙሉ መጣ። ቆሞ ጽሑፉን አነበበ፣ ገብቶ ዳቦውን አስቀመጠ፤ ቡሩልቻ ሻይ ስትቀዳ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ጾመኛ ሆነ።

፫. ነርሷ ግቢው መሐል ቆማ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ከወረቀቷ እያነበበች፣ «በጎረቤቶችዎ መገለል ይደርስብዎታል?» ብላ ጠየቀቻት። ቡሩልቻ ዙሪያዋን ቃኘችና፣ «እስከ ዛሬ ጠዋት አልነበረም፣ እህቴ» አለቻት። ነርሷም «የለም» ብላ ጻፈች።

፬. በፊት ገበያ ሄድኩ እያለች መድኃኒቷን ራሷ ታመጣ ነበር፤ ፊቷም ወዝ ነበረው። አሁን ሆስፒታል መሄዱን ትታለች፤ መኪናዋ በመጣች ቁጥርም በረት ገብታ ትደበቃለች። እንዲህ ከቀጠለች ክረምቱን መዝለቋን እንጃ። እናንተ ዘንድ «ፈቃደኛ ያልሆነች» ተብላ መመዝገቧን ሰምቼ ትጋታችሁን አደነቅሁ።

እንግዲህ መኪናዋን ቀለም ቢቀቧት፣ ቀለም ከሌለም ድንች ቢጭኑባት ብዬ በትሕትና እለምናለሁ።

ጤናዎን፣ ወንበርዎንና መኪናዎን ያቆይልዎ ዘንድ የምትመኝ፣
ከቡሩልቻ አጥር ማዶ ያለችው አክባሪዎ
ቶክቶቡቡ

ሳልረሳው፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ እናትዎ፣ እማማ ኡምሱን፣ ብቅ አሉ። ቡሩልቻን ከበረት አስጠርተው ሻይዋን ደጋግመው ጠጡ። መድኃኒቱን ማቋረጧን ሲሰሙም፣ «አንቺ ልጅ፣ ከእንግዲህ መኪናዋ እኔ ደጅ ትቁም። አንቺ ሻይ ልትጠጪ ትመጫለሽ፣ መድኃኒትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ» አሏት። ቡሩልቻ እሺ ብላለች። «ሰው እርስዎን ታመሙ ይላል እኮ» ብትላቸው ግን፣ ሻርባቸውን እያስተካከሉ፣ «ይበሉ፤ ልጄ ዳይሬክተር አይደል? እሱን ሄደው ይጠይቁት» አሉ።